ውርጭ ምንድን ነው? የደሴ ጓሮ በበጋ ለምን ይጠቁራል?

ደሴ ላይ የጓሮ አትክልትን ብርድ የሚፈጀው በክረምት አይደለም። ሐምሌና ነሐሴ ሰማዩ ደመና ለብሶ ስለሚያድር፣ ቀኑ ቢቀዘቅዝም ሌሊቱ ያን ያህል አይከፋም። ክፉው ጊዜ ዝናቡ አባርቶ ሰማዩ ከጠራ በኋላ፣ በተለይ ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ነው። ቀን ፀሐዩ ደስ ይላል፤ ማታ ነፋሱ ጸጥ ይላል፣ ኮከቡ ጥርት ብሎ ይታያል። ሲነጋ ትናንት ለምልሞ የነበረውን ቲማቲም ውርጭ መትቶታል።

ውርጭ የሚባለው የመሬቱና የቅጠሉ ገጽ ከዜሮ ዲግሪ በታች ቀዝቅዞ እርጥበቱ ወደ በረዶነት ሲለወጥ ነው። መሬት ቀን ከፀሐይ የተቀበለውን ሙቀት ሌሊቱን ሙሉ ወደ ሰማይ ይለቃል። ደመና ካለ ከዚያ ሙቀት ብዙውን ወደ መሬት ይመልሰዋል። ሰማዩ ከጠራና አየሩ ከደረቀ ግን ሙቀቱ እንደወጣ ይቀራል። ነፋስ ቢኖር ከላይ ያለውን ሞቅ ያለ አየር ከታችኛው ጋር ይቀላቅለው ነበር፤ እሱም ከሌለ ቅዝቃዜው መሬት ላይ ተኝቶ ያድራል። ስለዚህ ትንበያው 3 ዲግሪ ብሎ ሳለ ጓሮው ውስጥ አመዳይ ቢታይ አይግረማችሁ። የአየር ሙቀት የሚለካው ከመሬት 2 ሜትር ግድም ከፍ ብሎ ነው፤ ችግኙ ያለው ግን ታች ነው፣ እዚያ ደግሞ በጥቂት ዲግሪዎች ይበልጥ ይቀዘቅዛል።

ከፍታም የራሱ ድርሻ አለው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀት በአማካይ 6.5 ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ፣ በሁለቱ ከተሞች መካከል የ4 ዲግሪ ልዩነት ይጠበቃል። ኮምቦልቻ ካለ ዘመድ የመጣ የፓፓያ ችግኝ ደሴ ላይ ኅዳርን መሻገር የሚያቅተው ለዚህ ነው።

በደሴ ውስጥም ቢሆን ግቢ ሁሉ እኩል አይመታም። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ሌሊት ከጦሳ ተራራ ወገብ ተነሥቶ እንደ ውሃ ቁልቁል ወደ ቦርከና ወንዝ ይወርዳል። ተዳፋት ላይ ያለ ጓሮ አየሩ ስለሚያልፍለት ይተርፋል፤ ረባዳው ቦታ ይጎዳል። ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነገር አለ፦ በግቢው ታችኛ በኩል የተሠራ የግንብ አጥር የሚወርደውን ቅዝቃዜ አግዶ ያጠራቅማል። ከአጥሩ ሥር ቀዳዳ መተው ይጠቅማል። ካልሆነ ያን ጥግ ብርድ ለሚችሉት ለጎመን፣ ለካሮትና ለነጭ ሽንኩርት ስጡት። ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ በሶብላና ድንች እዚያ ባይተከሉ እመርጣለሁ።

ውርጭ የመታውን የድንች ቅጠል ፀሐይ ሳትወጣ ጠጋ ብላችሁ እዩት። ጠርዙ ነጭ፣ ገላው ደርቆ ቀጥ ያለ ነው። ፀሐይ ስትነካው ይዝላል፣ ውሃ የነከረው መስሎ ይጠቁራል፣ ከሰዓት በኋላ በጣት ሲነካ ይፈረፈራል። በቅጠሉ ውስጥ የተፈጠረው በረዶ ከሕዋሳቱ ውሃውን እየሳበ፣ ስስ ሽፋናቸውንም እየቀደደ ስላደረ ነው።

መከላከሉ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ከሁሉ በፊት የምመክረው ቀትር ላይ ውሃ ማጠጣት ነው። እርጥብ አፈር ከደረቅ አፈር የበለጠ የፀሐይ ሙቀት ይይዛል፣ ሌሊትም ለተክሉ ይለቅለታል። ጭድ ወይም ገለባ ከችግኙ ሥር ካነጠፋችሁ በእነዚህ ወራት ገለል አድርጉት፤ ለሌላ ጊዜ እርጥበት ይጠብቃል፣ አሁን ግን ፀሐዩ አፈሩን እንዳያሞቅና የአፈሩ ሙቀት ወደ ቅጠሉ እንዳይደርስ ይከለክላል።

ፀሐይ ስትጠልቅ በጆንያ ወይም በአሮጌ አንሶላ ሸፍኑ። ጨርቁ በእንጨት ተደግፎ እስከ መሬት ይድረስ፤ ግንዱ ላይ ብቻ ከታሰረ የአፈሩን ሙቀት ውጭ ያስቀረዋል። ላስቲክ ቅጠሉን ከነካ የነካው ቦታ ይቃጠላል። ጠዋት ብርዱ ሲሰበር ግለጡት። በጄሪካንና በጣሳ የተተከሉትን ግን በረንዳ ሥር ማስገባት ይበቃል፣ ጣሪያው ከሰማዩ ይጋርዳቸዋል። እሳት አንድዶ ጓሮውን ማጠን ለዓይንና ለሳንባ ጉዳት ካልሆነ እምብዛም ጥቅም የለውም፤ ጢሱ ሙቀቱን አያግደውም።

ዩሪያ ጥቅምትና ኅዳር ላይ አትጨምሩ፤ ለጋ ቅጠል ያወጣል፣ ለጋ ቅጠል ደግሞ ቀድሞ ይመታል። የጠቆረ የአቮካዶ ወይም የጽጌረዳ ቅርንጫፍ ብታዩም መቀስ አታንሡ፤ የሞተው ቅጠል ከሥሩ ላለው እምቡጥ ከለላ ነው። ጥር አልቆ ብርዱ ሲያልፍ ቅርፊቱን በጥፍር ፋቅ አድርጉት። ውስጡ አረንጓዴ እስከሆነበት ድረስ ሕይወት አለው፤ መቁረጥ ያለባችሁ ከዚያ በላይ ያለውን ነው።