ጽድቁ ቀርቶ በቅጡ በኮነነኝ

ባለፈው ዓርብ ደብረ ብርሃን ነበርኩ። ብርዱ ጥርስ ያንቀጫቅጫል። ከአንድ ምግብ ቤት ገብቼ ሻይ አዘዝኩ። አጠገቤ የተቀመጠ ወጣት ማኪያቶውን ካጋመሰ በኋላ ነው ጾም መሆኑ ትዝ ያለው። «ውይ፣ ዓርብ ነው ለካ!» አለ። ከዚያ ሳቅ ብሎ አስተናጋጇን ጠራት። «በቃ፣ ጽድቁ ቀርቶ በቅጡ በኮነነኝ! አንድ ደረቅ ጥብስ አምጪልኝ።»

ጥብሱ እየጨሰ መጣ። እኔን ያንገበገበኝ ግን ተረቱ ነው።

እዚህ ላይ «በቅጡ» ማለት «እስኪበቃኝ ድረስ» ማለት አይደለም። ቅጥ ልክ ነው፣ ወግ ነው። ቅጥ ያጣ ነገር ስንል ልክ የሌለው ማለታችን አይደል? «ኮነነ»ም በግእዙ ፈረደ፣ ገዛ ማለት ነው። መኰንን የሚለው ስም የወጣው ከዚያው ነው። እንግዲህ ተናጋሪው ቅጣት ጨምሩልኝ አላለም። ከፈረዳችሁብኝ በልኬ ፍረዱብኝ ነው ያለው።

ተረቱ የት ተወለደ ብትሉኝ፣ የስቅለት ለት ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ እላለሁ። ማስረጃ አምጣ ካላችሁኝ ያለችኝ አያቴ ናት።

ያደግሁት መንዝ ነው። ስቅለት ሲሰገድ ውሎ ማታ ላይ ሰዉ ካህኑ ፊት ይሰለፋል። ካህኑ በወይራ ቅጠል ጀርባ ጀርባውን ቸብ ያደርጉታል። ሁሉም ያጠፋውን በጆሯቸው ሹክ ይላል፤ እሳቸውም የስግደቱን ቁጥር ይነግሩታል። አንድ ዓመት በሰሞነ ሕማማት እርጎ በጣቴ ልሼ ኖሮ ያንኑ ተናዘዝኩ። «አሥር» አሉኝ። ተገላገልኩ።

አያቴ ተከተለችኝ። እሷ ስግደት የምትቆጥረው በባቄላ ነው። በመቀነቷ ጫፍ ቋጥራ ትመጣለች፤ አንድ በሰገደች ቁጥር አንድ ፍሬ መሬት ላይ ታኖራለች። ያን ለት ግን ቋጠሮዋን ሳትፈታ ተመለሰች። ከጎረቤቷ ጋር በእርሻ ድንበር ተጣልተው ዓመት ሙሉ ተኮራርፈዋል። ካህኑ ቁጥር አልሰጧትም። «መጀመሪያ ታረቂ» ብቻ ነው ያሏት። በሴቶቹ መሃል ጎረቤቷን ፈልጋ አገኘቻትና ጎንበስ ብላ ጉልበቷን ሳመች። ሁለቱም አለቀሱ። ባቄላው የተፈታው ከዚያ ወዲያ ነው።

መጽሐፉ የኃጢአት ደመወዝ ሞት ነው ይላል፤ ሮሜ 6፥23። ዮሐንስ ግን በመጀመሪያ መልእክቱ ምዕራፍ 5 ላይ ሞት የሚገባውንና የማይገባውን ይለያል። ሉቃስ 12 ላይም የጌታውን ፈቃድ አውቆ ያጠፋ ባሪያ ብዙ ይገረፋል፤ ሳያውቅ ያጠፋው ጥቂት። ካቶሊኮችም ከባዱንና ቀላሉን ይለያሉ። ጴንጤ ወዳጆቼ ደግሞ «በእግዚአብሔር ፊት ሁሉም እኩል ነው» ይሉኛል። አያቴ ጋ እርጎና ኩርፊያ እኩል አልነበሩም።

ያ ልጅ ማኪያቶውን የጠጣው ሳያውቅ ነው። ጥብሱን ግን አውቆ፣ ያውም ደረቅ ይሁን ብሎ አዘዘ። ጥብሱ የራሱ ጉዳይ ነው። ተረቱን ግን ባይነካካብን።