በጅማ ከተማ በዕቃ ላይ አትክልት ማልማትና የዘር አመራረጥ

ጅማ ውስጥ ግቢያቸው ለመደብ የማይበቃ፣ ኪራይ ቤት ወይም ኮንዶሚኒየም የሚኖሩ ቤተሰቦች ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ቃሪያና ቲማቲም በጀሪካን፣ በባልዲ፣ በማዳበሪያ ከረጢትና በአሮጌ ጎማ ያለማሉ። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ የዓመት ዝናቧም 1,500 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ስለዚህ ለአዳማ ወይም ለድሬዳዋ የተሰጠ ምክር እዚህ እንዳለ አይሠራም። እዚያ የሚያስጨንቀው ውሃ ማጣት ሲሆን፣ ጅማ ላይ በክረምት ተክሉን የሚገድለው የውሃ ብዛት ነው።

የአካባቢው ጓሮ ከድሮም እንሰት፣ ጎደሬ፣ ቡናና ጎመን አያጣም። ዘመናዊው የአትክልት ትምህርት ግን በ1952 እ.ኤ.አ. ከተከፈተው የጅማ እርሻ ትምህርት ቤት ጋር የተያያዘ ነው። የአለማያ ኮሌጅ (የዛሬው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ) ግቢ ተሠርቶ እስኪያልቅ የኮሌጁ የመጀመሪያ ተማሪዎች የተማሩት እዚሁ ነው፤ የሀገሪቱ ከፍተኛ የግብርና ትምህርት ሲነሳ ይህ የጅማ ድርሻ ሊዘነጋ አይገባም። ትምህርት ቤቱ ኋላ ኮሌጅ ሆኖ በ1999 እ.ኤ.አ. ከጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ጋር ተቀላቀለና ጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመሠረተ። ጅማ አጠገብ መልኮ በተባለው ቦታ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል በይበልጥ የሚታወቀው በቡና ነው።

ዕቃ ሲመረጥ ቀዳሚው ነገር ጥልቀቱ ነው። ለሰላጣ 15 ሳንቲ ሜትር ይበቃል፤ ካሮት 30 ይፈልጋል። አንድ ቃሪያ 10 ሊትር፣ አንድ ቲማቲም 20 ሊትር አፈር ካላገኘ ፍሬው ያንሳል። የፀረ ተባይ ኬሚካል የነበረበት ዕቃ ታጥቦም ቢሆን አይሆንም። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አናቱ ተቆርጦ፣ በጋለ ሚስማር ከታች ስድስት ያህል ቀዳዳ ይበሳለታል፤ ቀዳዳው መሬት ላይ እንዳይደፈን ሁለት ጡብ ላይ ይቀመጣል። ከሥር ጠጠር መደልደል ውሃ ያጣራል የሚሉ አሉ፤ ቀዳዳው ክፍት ከሆነ ግን የአፈሩን ቦታ ከመሻማት ያለፈ ጥቅም የለውም።

ከረጢት ከሆነ የውስጡ ላስቲክ ይወጣል። ሁለት በኩሉ ክፍት የሆነ የዘይት ጀሪካን መሐሉ ላይ ይቆምና በጠጠር ይሞላል፤ ዙሪያው አፈር ይደረጋል። አፈሩ ከፍ ባለ ቁጥር ጀሪካኑ ወደ ላይ እየተሳበ ይወጣና እስከ አፉ የሚደርስ የጠጠር ምሰሶ ይቀራል። ውሃ የሚፈስሰው በዚህ ምሰሶ ላይ ነው፤ አለዚያ የላይኛው ጨቅይቶ የታችኛው ይደርቃል። የጎመን ችግኝ በከረጢቱ ጎን በ20 ሳንቲ ሜትር ርቀት በሚቀደድ ቀዳዳ ይተከላል።

አፈሩ ሁለት እጅ ቀይ አፈር፣ አንድ እጅ የበሰለ ብስባሽ፣ አንድ እጅ አሸዋ ሆኖ ይቀላቀላል። የጅማ ቀይ አፈር አሲዳማ ስለሆነ ለ20 ሊትር አንድ እፍኝ የእንጨት አመድ ይጨመርበታል። አመድና ዩሪያ ግን አንድ ላይ አይደረጉም፤ ናይትሮጅኑ በአየር ያመልጣል። ከቡና መፈልፈያ የሚገኘው ገለፈት ትልቅ ሀብት ነው፣ ፖታሺየም አለው፤ ሳይበስል ከገባ ግን ሲበሰብስ ናይትሮጅኑን ስለሚሻማ ችግኙ ቢጫ ሆኖ ይቀራል። ከእርጥብ ፍግ ጋር ተከምሮ በየሁለት ሳምንቱ እየተገላበጠ ቢያንስ ሦስት ወር መቆየት አለበት።

ዘር ሲገዛ የታሸገበትና የሚያበቃበት ቀን ይታያል። ከተከፈተ ቆርቆሮ በማንኪያ እየተሰፈረ የሚሸጥ ዘር በጅማ እርጥበት ቶሎ ይደክማል፤ የሽንኩርት ዘር በተለይ ከዓመት በላይ አይታመንም። መፈተኑ ቀላል ነው፦ 20 ፍሬ በእርጥብ ሶፍት ተጠቅልሎ ፌስታል ውስጥ ይቀመጣል። ጎመን በሳምንት፣ ቃሪያ በሁለት ሳምንት ሲቆጠር 16 እና ከዚያ በላይ ከበቀለ ጥሩ ነው፤ ከ10 ካነሰ መጣል ይሻላል። ቀለም የተቀባ ዘር በመድኃኒት የታሸ ስለሆነ ከልጆችና ከዶሮ ይራቅ።

ከሁሉ የሚያዋጣው የሀበሻ ጎመን ነው። መነሻው የኢትዮጵያ ደጋ እንደሆነ በሰፊው ይታመናል፤ በአብዛኛው ራሱን በራሱ ስለሚያዳቅል ዘሩን ቤት ውስጥ ማስቀረት ይቻላል። ከደህናዎቹ ሦስት አራቱ ቅጠላቸው ሳይቀጠፍ ይተዋሉ፤ ቆባው ቢጫ ሲሆን ሳይፈነዳ በጠዋት ይቆረጣል። ጥቅል ጎመንና ካሮት ለማበብ ረዘም ያለ ብርድ ስለሚሹ ዘራቸውን መግዛት ነው። ከዲቃላ ቲማቲም የተያዘ ዘር እናቱን አይመስልም። ለባልዲ ቁመታቸው የማይረዝመው ሮማ ቪኤፍና መልካሳልሳ የተባሉት የቲማቲም ዝርያዎች ይመቻሉ፤ ለቃሪያ ማረቆ ፋና የተባለው የበርበሬ ዝርያ በለጋነቱ ይቀጠፋል።

ቲማቲምን በጅማ ክረምት ሜዳ ላይ ማቆም ድፍረት ነው። ድንችን የሚመታው ምች እሱንም ይመታዋል፤ ቅጠሉ ላይ ውሃ ያዘለ የሚመስል ጠቆር ያለ ነጠብጣብ፣ በማለዳ ከሥሩ ነጭ ሻጋታ ይታያል፣ በሳምንት ውስጥም ተክሉ ያልቃል። ሮማ ቪኤፍ ሁለት ዓይነት የማጠውለግ በሽታ ቢቋቋምም ይህን አይችለውም። ስለዚህ መስከረም አጋማሽ ተፈልቶ ጥቅምት ማለቂያ ላይ ይዛወራል፤ በክረምት የግድ ከተተከለ ከጣሪያ ጠርዝ ሥር፣ ጠዋት ፀሐይ በሚያገኝበት በኩል ይቁም። በበጋ ያፈራ ተክል በቀን እስከ 2 ሊትር ይጠጣል። አንድ ቀን ተጠምቶ በማግስቱ ከተጥለቀለቀ ካልሲየም ወደ ፍሬው መድረስ ያቅተውና የፍሬው ቂጥ ይጠቁራል፤ ይህ በመድኃኒት ርጭት አይድንም፣ የጠቆረው ተቀንጥሶ ውሃው በየዕለቱ በእኩል መጠን መሰጠት አለበት።