የጓሳ ጠባቂዎች

ከጣርማ በር ወደ መሐል ሜዳ የሚወስደው መንገድ የመንዝ ጓሳን ያቋርጣል። ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከፍታው ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ስለሚደርስ ሌሊቱ ጋቢ አይበቃውም። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚጠለሉበት ይህ ጥብቅ ስፍራ አጥር የለውም። የሚጠብቁት እዚያው ተወልደው ያደጉ ሰዎች ናቸው።

ጥበቃው የቆየ ነው። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የቄሮ ሥርዓት ይባል ነበር (ከወጣቶቹ «ቄሮ» ጋር ስሙ እንጂ ነገሩ አይገናኝም)። ርስቱ በዘር የሚደርሳቸው የአስቦና የጌራ ወገኖች መሬቱን ለ3 ዓመት፣ ሲያሻም ለ5 ይዘጉት ነበር። ሲከፈት ሳር ይታጨድ፣ ከብትም ይገባ ነበር። ጓሳ የሚባለው ሳር ለጎጆ ክዳን፣ ለገመድ፣ ለዝናብ መከላከያ ገሳ ይሆናል። ሳሩ ካለቀ ጎጆው ያፈሳል። ሰው ሕጉን ያከበረው ለቀበሮ አዝኖ አይመስለኝም።

በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ርስት ሲቀር ቄሮም አብሮ ቀረ። ሳሩም ያለ ከልካይ ታጨደ። ነዋሪው ቆይቶ በኮሚቴ ተደራጀና ጥበቃውን መለሰ።

ዛሬ በእግር እየዞሩ የሚጠብቁት ስካውቶች ናቸው። በስርቆት ሳር የሚያጭድ፣ ማገዶ የሚቆርጥ፣ ከብት የሚያስገባ እንዳለ ያያሉ። ቀበሮ ማየት የፈለገ ሰው ግን ጭላዳ ያለበትን ቢያይ ያዋጣዋል። ጭላዳው ሳር እየነጨ ሲሄድ ቀበሮው መሐል ገብቶ አይጥ ያድናል። እዚሁ ጓሳ በተደረገ ጥናት፣ በጭላዳ መሐል ሲያድን ከ100 ሙከራ 67ቱ ሲሳካለት ብቻውን ሲሆን የተሳካለት 25ቱ ነው። ጭላዳውም ዞር ብሎ አያየውም።

ለስካውት ከአውሬው ይልቅ ሰው ይከብዳል። ማጭድ ይዞ የተገኘው የክርስትና ልጁ ወይም የሚስቱ ወንድም ሊሆን ይችላል። ዝም ካለ ሥራው ከንቱ ነው። ከከሰሰ ደግሞ በሚቀጥለው ማኅበር ጠላው ይመርበታል።

ሌላው ራስ ምታት ውሻ ነው። ከእረኛ ጋር የሚገባ ውሻ የእብድ ውሻ በሽታ ለቀበሮ ያስተላልፋል። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች 500 እንኳ ስለማይሞሉ አንድ ወረርሽኝ ብዙ ያጎድላል። ስለዚህ ቀበሮ ባለበት አካባቢ የመንደር ውሾች ይከተባሉ። ከታቢው መርፌውን ይዞ ቢመጣም የእረኛ ውሻ እንግዳ አያስጠጋም። አንገቱን አቅፎ የሚይዘው ባለቤቱ ነው።