የድሮ የብሮውዘር መኪና ጌሞች «ሪቫይቫል» ምንድን ነው?

ሪቫይቫል ማለት ባለቤቱ የተወውን ወይም መክፈቻው የጠፋበትን ጌም አድናቂዎቹ ራሳቸው መልሰው ማስነሳት ነው። እዚህ የማወራው ኮምፒውተር ላይ ሳይጫኑ በብሮውዘር ይከፈቱ ስለነበሩት የመኪና ውድድሮች ነው።

ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ ባሉ ኢንተርኔት ቤቶች ያደገ ሰው በደንብ ያውቃቸዋል። ሂሳቡ በደቂቃ ነበር፤ መስመሩም ቀርፋፋ። ጌሞቹ ግን በዚያም መስመር ይከፈቱ ነበር። ፍላሽ የሚባለው ፕሮግራም አብዛኛውን ጊዜ መኪናውን እንደ ፎቶ አያስቀምጥም፤ መስመሩንና ቀለሙን መዝግቦ ኮምፒውተሩ ራሱ እንዲስለው ያዘዋል። ስለዚህ አንድ ሙሉ ውድድር ብዙ ጊዜ ከአንድ ዘፈን ባነሰ ፋይል ይገባል።

ታዲያ ምን ነካቸው? የጠፋው መክፈቻቸው ነው። ብሮውዘር ብቻውን ሊከፍታቸው አይችልም ነበር፤ ፍላሽ፣ ሾክዌቭ ወይም ጃቫ የሚባል ረዳት ያስፈልገው ነበር። እነዚህ ረዳቶች ደግሞ ለቫይረስ በር ከፋች ሆነው ተገኙ። ክሮም እ.ኤ.አ. በ2015 ጃቫን አላስገባም አለ። ሾክዌቭ በ2019 ቆመ። የፍላሽ ድጋፍ በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 22 ቀን 2013 ዓ.ም. አበቃ፤ ከጥር 4 ጀምሮ ፕሮግራሙ ራሱ ጌም መክፈት አቆመ።

አንዱ የማስነሻ መንገድ መክፈቻውን እንደ አዲስ መሥራት ነው። ራፍል የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ይህን ያደርጋል። የድሮውን ፋይል ሳይነካ በዛሬው ብሮውዘር ውስጥ ያስኬደዋል። የቆዩትን በደንብ ይከፍታል፤ በኋለኛው የፍላሽ ቋንቋ የተጻፉት ላይ ግን አሁንም አንዳንዴ ይቸገራል። ፍላሽፖይንት ደግሞ ከ100,000 በላይ ጌምና አኒሜሽን የያዘ ማኅደር ነው። የፈለጋችሁትን አንዴ አውርዳችሁ ያለ ኢንተርኔት ትጫወታላችሁ።

ሌላው መንገድ ጌሙን ከባዶ መሥራት ነው። ሥዕሉን መቅዳት ያን ያህል አይከብድም። ፈተናው የመኪናው አነዳድ ነው።

በብዙ የፍላሽ ጌሞች የመኪናው ፍጥነት የሚሰላው በሰከንድ ሳይሆን በፍሬም ነው፤ ፍሬም ማለት ስክሪኑ ላይ ተራ በተራ ከሚሳሉት ምስሎች አንዱ ነው። ጌሙ በሰከንድ 30 ፍሬም እንዲያወጣ ተሠርቷል፣ በእያንዳንዱም መኪናው 10 የስክሪን ነጥብ (ፒክስል) ይሄዳል እንበል። በሰከንድ 300 ነጥብ ማለት ነው። ይህንኑ ስሌት በሰከንድ 60 ፍሬም በሚያወጣ የዛሬ ስክሪን ላይ ሳታስተካክሉ ካስኬዳችሁት መኪናው በእጥፍ ይፈተለካል። ኩርባው ላይ መሪ ሳታዞሩ ግድግዳ ትገጫላችሁ። ደካማ ኮምፒውተር ላይ ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል። 30ውን ፍሬም ማውጣት ሲያቅተው ጌሙ በሙሉ ይንቀራፈፋል።

ይህ እኛን ይመለከታል። ባረጀ ፔንቲየም ኮምፒውተር ላይ የነዳነው መኪና ብዙ ጊዜ ሠሪው ካሰበው የዘገየ ነበር፤ ኩርባውም ያን ያህል ይቀል ነበር። ዛሬ ያንኑ ጌም ስትከፍቱ «እንዲህ ይፈጥን ነበር እንዴ?» ልትሉ ትችላላችሁ። አዎ፣ ይፈጥን ነበር። ጌሙን እንደገና የሚሠራ ሰው ከትዝታው ፍጥነትና ከሠሪው ፍጥነት አንዱን መምረጥ ግድ ይለዋል። እኔ የሠሪውን እመርጣለሁ። ቁጥሩ እዚያው የፍላሹ ፋይል መጀመሪያ ላይ ተጽፏል፤ መገመት አያስፈልግም።

ከሌላ ሰው ጋር የሚወዳደሩባቸው ጌሞች ሌላ ጣጣ አላቸው። ማን ቀደመ፣ ማን ምን መኪና ገዛ የሚለውን የሚይዘው የድርጅቱ ሰርቨር (ማዕከላዊ ኮምፒውተር) ነው። ሰርቨሩ ሲዘጋ ኮዱ ተጫዋቹ እጅ ላይ የለም። አድናቂዎች ጌሙ የሚልካቸውን መልእክቶች እያዩ ምን መልስ ይጠብቅ እንደነበር ይገምታሉ፤ ከዚያ ያንን የሚመልስ አዲስ ሰርቨር ይጽፋሉ። ከመዘጋቱ በፊት ጌሙና ሰርቨሩ የተላላኩትን የቀዳ ሰው ከተገኘ ትልቅ ዕድል ነው።

ሕጉንም ማወቅ ይገባል። ጌሙ ተዘጋ ማለት ባለቤቱ መብቱን ተወ ማለት አይደለም። የበረዶ ላይ ሸርተቴ ውድድር የነበረበትን የልጆች የብሮውዘር ጌም ክለብ ፔንግዊንን ዲዝኒ እ.ኤ.አ. በ2017 ዘጋው። አድናቂዎች ካስነሷቸው ቅጂዎች አንዱ በ2022 የሲቲ ኦፍ ለንደን ፖሊስ ገብቶበት ተዘግቷል። ከሰው ትዝታ ገንዘብ የማይሰበስቡትን ሪቫይቫሎች በሙሉ ልቤ እደግፋለሁ።

ከእኛ በኩልም የሚዋጣ ነገር አለ። ኔትወርክ ሲጠፋ ደንበኛ እንዳይሄድባቸው ጌሞቹን ዴስክቶፕ ላይ ያስቀምጡ የነበሩ ኢንተርኔት ቤቶች ነበሩ። ፒያሳ አካባቢ ብዙ ቤት ፈርሷል፤ የአንዳንዶቹ ኮምፒውተር ግን ዛሬም የሆነ ሰው ጓዳ ውስጥ ይኖራል። እንዲህ ያለ ሃርድ ዲስክ እጃችሁ ከገባ ፎርማት ከማድረጋችሁ በፊት የስማቸው መጨረሻ ኤስ ደብልዩ ኤፍ (.swf) የሆኑ የፍላሽ ፋይሎችን ፈልጉ። ቅዷቸው። ከዚያ ስማቸውን ፍላሽፖይንት ውስጥ ፈልጉት፤ ከሌለ ላኩላቸው፣ ይቀበላሉ።