የድሮ የሰርግ ካሴት ወደ ዲስክ እንዴት ይገለበጣል?

ብዙ ቤት ቁም ሳጥን አናት ላይ ወይ አልጋ ሥር አንድ ካርቶን አይጠፋም። ውስጡ የሰርግ፣ የመልስ፣ የክርስትና፣ የምርቃት ካሴት ነው። ካሴቱ አለ፣ ማጫወቻው ግን የለም። ዴኩ ወይ ተበላሽቷል፣ ወይ ለቆራሌው ተሽጧል። ቪኤችኤስ የሚባለውን ይህን ካሴት የጃፓኑ ጄቪሲ ገበያ ላይ ያዋለው እ.ኤ.አ. በ1976 ነበር። ዴክ ማምረቱን እስከ መጨረሻው የገፋበት ሌላው የጃፓን ኩባንያ ፉናይም በ2016 አቆመ። ዛሬ የሚገኘው ዴክ እንግዲህ ያገለገለ ነው።

የመገልበጡ ሐሳብ ቀላል ነው። ካሴቱ ላይ ያለው ምስል በመግነጢስ የተቀዳ የአናሎግ ምልክት ስለሆነ ኮምፒውተር በቀጥታ አያነበውም። መሀል ገብቶ ወደ ዲጂታል የሚቀይረው ካፕቸር ካርድ ነው። አብዛኛው ሰው የሚጠቀመው ዩኤስቢ ላይ የሚሰካውን ትንሹን ነው። ከዴኩ የሚመጣው ቢጫ ገመድ ምስሉን፣ ነጩና ቀዩ ድምፁን ይይዛሉ። ከዚያ ኮምፒውተሩ ላይ መቅጃ ፕሮግራም ከፍቶ፣ ዴኩን አጫውቶ መጠበቅ ነው። የ3 ሰዓት ካሴት 3 ሰዓት ይፈጃል፣ አቋራጭ የለውም። ፎቶ ቤቶች ለዚህ ሥራ የሚጠይቁት ገንዘብ ሲበዛብን ይህንን ብናስታውስ ጥሩ ነው።

ሰው ሁሉ የሚጨነቀው ስለ ኮምፒውተሩ ነው። እኔ ግን ሥራውን የሚያበላሸውም የሚያሳምረውም ዴኩ ነው እላለሁ። ዴኩ ውስጥ ያለው ሄድ (ምስሉን ከፊልሙ ላይ የሚያነበው ክፍል) የተገጠመበት ከበሮ በእኛ አገር ካሴት በደቂቃ 1,500 ጊዜ ይሽከረከራል። ትንሽ ቆሻሻ ከያዘው ምስሉ በረዶ የዘነበበት ይመስላል። ስለዚህ መጀመሪያ ሄዱ ይጸዳል። ቀጥሎ ካሴቱ ይታያል። በጎኑ ያለችውን ትንሽ መክፈቻ ተጭኖ ክዳኑን ቀና በማድረግ ፊልሙ መጨማደዱን ማየት ይቻላል። በመስኮቱ በኩል ጥቅልሉ ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ከታየ ሻጋታ ነው። እንዲህ ያለ ካሴት ሳይጸዳ ዴክ ውስጥ መግባት የለበትም፤ ሻጋታው ወደ ሌሎቹም ይዛመታል። ደህና የሆነውን ደግሞ አንዴ እስከ መጨረሻው አጠንጥኖ መመለስ ይጠቅማል። ለዓመታት ተጣብቆ የቆየ ፊልም ሳይፍታታ ከተጫወተ ዴኩ ሊበላው ይችላል።

ካሴቱ ጀርባ ላይ ያለችው የፕላስቲክ ምላስ መሰበሯም ይታይ። ካልተሰበረች በስህተት ሊቀዳበት ይችላል። የእኛ ቤት ካሴት ላይ ሙሽሮቹ ኬክ ሊቆርሱ ቢላዋውን እንዳነሱ ድንገት የእግር ኳስ ጨዋታ ይገባል። ማን እንደቀዳበት እስከ ዛሬ ያመነ የለም።

አሜሪካ ያሉ ዘመዶች በሰው እጅ የላኩት ካሴት የራሱ ጣጣ አለው። ኢትዮጵያ፣ እስራኤልና አብዛኞቹ የባሕረ ሰላጤው አገሮች የተጠቀሙት ፓል የተባለውን ሥርዓት ነው፤ በሴኮንድ 25 ምስል፣ 625 መስመር። የአሜሪካው ኤንቲኤስሲ ወደ 30 ምስልና 525 መስመር አለው። ያኔ የዋሽንግተን ሰርግ አዲስ አበባ ሲከፈት ምስሉ የሚንከባለለው ወይ ቀለሙ የሚጠፋው ለዚህ ነው። ለመገልበጥ ሁለቱንም የሚያጫውት ዴክ ይፈለጋል፤ የመቅጃው ፕሮግራምም በካሴቱ ዓይነት ይስተካከላል። ዲስኩም ቢሆን ይለያያል፤ የፓሉ ዲቪዲ 720 በ576፣ የኤንቲኤስሲው 720 በ480 ነው።

ሌላው የተለመደ ችግር ድምፅና ምስል መለያየቱ ነው። እጁ ከበሮውን ይመታል፣ ድምፁ ቆይቶ ይመጣል። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ኮምፒውተሩ ሥራ በዝቶበት ምስል መዝለሉ ነው። በሚቀዳበት ሰዓት ሌላ ነገር ባይከፈትበት ይመረጣል።

የተቀዳው ፋይል ባዶ ባዶው ተቆርጦ፣ ኤምፔግ-2 በተባለው ቅርጽ ተጨምቆ ዲቪዲ ላይ ይጻፋል። ተራው ዲስክ 4.7 ጊጋባይት ይይዛል፤ ደህና ጥራት ላለው ቪዲዮ 2 ሰዓት ገደማ ነው። የ3 ሰዓቱን ሰርግ አንድ ዲስክ ላይ ማጨቅ ይቻላል፣ ግን እስክስታው ላይ ምስሉ ይበጣጠሳል። ሁለት ዲስክ ማድረግ ይሻላል።

ደግሞም ቤት ውስጥ የተጻፈ ዲስክ ፀሐይና ሙቀት አይወድም፤ አዳዲስ ላፕቶፖችም የዲስክ ማስገቢያ የላቸውም። ስለዚህ ፋይሉ ሃርድ ዲስክ ላይም ይቀመጥ። ወደ ኤምፒ4 ከተቀየረና ከተከፋፈለ በቴሌግራም ይላካል፤ አንድ ፋይል እስከ 2 ጊጋባይት ያሳልፋል። ካሴቱ ግን አይጣል። ፊልሙ ወደ አንድ ወገን ተጠንጥኖ፣ እንደ መጽሐፍ ቀጥ ብሎ፣ ደረቅ ቦታ ይቀመጥ።