ጂኦካሺንግ ምንድን ነው? ብር የሌለበት የ«ካሽ» ፍለጋ

ቅዳሜ ጠዋት ጓደኛዬ ደወለ። «የት ነህ?» አለኝ።

«ካሽ ፍለጋ ልወጣ ነው» አልኩት።

ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ «ቆይ፣ ጫማዬን ላድርግና አብረን እንሄዳለን» አለ።

መጣ። የሲያትል ዝናብ እያካፋብን ከአንድ ሰዓት በላይ ቁጥቋጦ ስናገላብጥ ቆየን። በመጨረሻ ያገኘናት አውራ ጣት የምታክል የፕላስቲክ ዕቃ ነበረች። ውስጧ እንደ ክታብ የተጠቀለለች ወረቀት አለች። ሌላ ምንም የለም። «በቃ? ይቺው ናት?» አለኝ። ይቺው ናት። ስማችንን ጽፈን፣ ጠቅልለን፣ ወደነበረችበት መለስናት። ይኸው እስከ ዛሬ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ «ካሹስ?» እያለ ይተርበኛል።

ጂኦካሺንግ የሚባለው ነገር ይህ ነው። «ጂኦ» መሬት ማለት ነው። «ካሽ» ደግሞ እዚህ ላይ ጥሬ ብር አይደለም፤ ከፈረንሳይኛ የመጣ ቃል ሲሆን ትርጉሙ የተደበቀ ዕቃ ነው። ተጫዋቾቹም ጂኦካሸር ይባላሉ፤ ሱፐርማርኬት በር ላይ ሒሳብ የምትቀበለዋ ካሸር አታስፈልገንም። አንድ ሰው ዕቃ ይደብቅና የቦታውን ኬክሮስና ኬንትሮስ ለክቶ ኢንተርኔት ላይ ያወጣዋል። ሌላው ቁጥሩን ስልኩ ላይ ከፍቶ ይሄዳል፣ ይፈልጋል። ያገኘ ሰው ስሙንና ቀኑን ወረቀቱ ላይ ያሰፍርና ዕቃዋን እንደነበረች ይመልሳታል። ሽልማት የለም። ዳኛም የለም።

ይህ ጨዋታ ልደቱ በቀን የሚታወቅ ነው። ከሳተላይት በሚመጣ ምልክት ያለህበትን ቦታ የሚነግርህን ጂፒኤስን የሠራው የአሜሪካ ጦር ነው። ሕዝብ እንዲጠቀምበት ሲፈቀድ ጠላት እንዳይገለገልበት ተብሎ ምልክቱ ሆን ተብሎ ይዛባ ነበር። መሣሪያው እስከ 100 ሜትር ድረስ ይስት ነበር። ፕሬዚዳንት ክሊንተን እ.ኤ.አ. ሜይ 1 ቀን 2000 ማዛባቱ እንዲቀር አዘዙ። በእኛ ሚያዝያ 1992 መሆኑ ነው። በአንድ ሌሊት፣ ማንም አዲስ መሣሪያ ሳይገዛ፣ የሁሉም ጂፒኤስ አሥር እጥፍ ያህል ትክክል ሆኖ አደረ።

ሁለት ቀን አላለፈም። ዴቭ አልመር የሚባል የኮምፒውተር ባለሙያ ኦሪገን ውስጥ ከፖርትላንድ ወጣ ብላ በምትገኝ ቢቨርክሪክ የምትባል ቦታ፣ ጫካ ዳር አንድ ጥቁር ባልዲ አስቀመጠ። ውስጡ ደብተርና እርሳስ፣ መጻሕፍት፣ የቪዲዮ ካሴት፣ ወንጭፍ፣ ደግሞም አንድ ቆርቆሮ ባቄላ ነበረበት። ቁጥሩን ኢንተርኔት ላይ አወጣና «የፈለጋችሁትን ውሰዱ፣ በምትኩ ሌላ ነገር ተዉ» አለ። በሦስት ቀን ውስጥ ሁለት ሰዎች አገኙት። ቀዳሚው ከወንዝ ማዶ፣ ከዋሽንግተን ግዛት የመጣው ማይክ ቲግ ነው። «ጂኦካሺንግ» የሚለው ስም የወጣው በዚያው በሜይ ወር ነው። በሴፕቴምበር ደግሞ ጄረሚ አይሪሽ የሚባል የሲያትል ሰው የካሾቹን መዝገብ በአንድ ድረ ገጽ ሰበሰበ። ያኔ በዓለም ላይ የሚታወቁት 75 ነበሩ። ዛሬ ከ3 ሚሊዮን በላይ ናቸው።

ባልዲው ከጠፋ ቆይቷል፤ ቦታው ላይ የመታሰቢያ ሰሌዳ ቆሟል። የሚገርመው የባቄላዋ ቆርቆሮ ተርፋለች። ዝጋለች፣ ተጨማዳለች፤ ግን ትልልቅ ስብሰባ ላይ ይዘዋት ሲመጡ ሰው አብሯት ፎቶ ለመነሳት ይሰለፋል። እኔ ለባቄላ ተሰልፌ አላውቅም። ብትመጣ ግን እሰለፍ ይሆናል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ «ስልኩ ቦታውን የሚያሳይ ከሆነ ምኑ ላይ ነው ፍለጋው?» ይላል። ይህን የሚል ሰው አዲስ አበባ ውስጥ የሰው ቤት ፈልጎ አያውቅም ማለት ነው። ስልኩ «ደርሰዋል» ይላል። አልደረስክም። የቆምከው አጥር ሥር ነው፤ ቤቱ ከአጥሩ ጀርባ፣ በሌላ ቅያስ፣ ከሱቁ ዝቅ ብሎ አረንጓዴው በር ነው። ወደ ባለቤቱ ደውለህ «ብቅ በልልኝ» ማለት የግድ ነው። ጂኦካሺንግም እንዲሁ ነው፤ ብቅ የሚልልህ ሰው የለም እንጂ።

ቁጥሩ ራሱ ይህን ይናገራል። የካሽ ቦታ የሚጻፈው በዲግሪና በደቂቃ (በዲግሪ ስድሳኛ) ነው፤ ለምሳሌ «ሰሜን 9 ዲግሪ ከ1.500 ደቂቃ» ተብሎ። የመጨረሻዋ አኃዝ በአንድ ብትለወጥ መሬት ላይ 1.85 ሜትር ነው። በወረቀት ላይ ጠረጴዛህን የሚለይ ቁጥር ነው። ሳተላይቶቹ ግን ከ20 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው ነው ያሉት። ዛፍ ሥር ስትገባ ምልክቱ ይደክማል፤ ፎቅ አጠገብ ስትቆም ግድግዳ ለግድግዳ እየነጠረ ይመጣል። የደበቀው ሰው ስልክ አምስት ሜትር ስቶ፣ ያንተም በሌላ አቅጣጫ አምስት ሜትር ሲስት፣ አሥር ሜትር ስፋት ያለው ጫካ ለብቻህ ተረከብክ ማለት ነው። እዚያ ስልክህን ኪስህ ውስጥ ትከትና በዓይንህ ትጀምራለህ። ሳተላይቱ ሥራውን የሚጨርስበት ቦታ ላይ ነው ጨዋታው የሚጀምረው።

ደባቂዎቹ ደግሞ ሰው አይምሰሉህ። ባዶ አድርገውት ወረቀት የከተቱበት ብሎን አይቻለሁ። የውሸት ድንጋይ፣ የውሸት የወፍ ጎጆ፣ በማግኔት ከአግዳሚ ወንበር ሥር የተለጠፈች የትንሽ ጣት ጥፍር የምታክል ነገር አለ። አሜሪካ ውስጥ በጣም የተለመደችው ግን የፓርኪንግ ምሰሶዋ ናት። የመብራት ምሰሶ ከሥሩ፣ ብሎኖቹን የሚሸፍን አራት ማዕዘን ቆርቆሮ አለው፤ እነሱ «ቀሚስ» ይሉታል። አብዛኛው አልተበየደም። ከፍ ስታደርገው ሲጥጥ ይላል፤ ሥሩ የካሜራ ፊልም ዕቃ ቁጭ ብላለች። ለዓመታት መኪናዬን ያቆምኩበት ምሰሶ ሥር አንድ ነበረች። ሳገኛት ደግሞ እስክሪብቶ አልያዝኩም። ትንንሾቹ ውስጥ እርሳስ አይገባም፤ ይዘህ መሄድ አለብህ። ወረቀቷ ላይ ካልጻፍክ ደግሞ አላገኘሃትም። በማግስቱ ተመልሼ ሄድኩ።

የካሽ አስቸጋሪነት ከ1 እስከ 5 ይለካል፤ አንዱ የፍለጋው፣ ሌላው የመንገዱ። 1/1 በዊልቸር የሚደረስበት ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ሪቻርድ ጋሪዮት የተባለ የጠፈር ጎብኚ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ላይ የተወው 5/5 ነው፤ ለእሱ መኪና ማቆሚያ አልፈልግም። «ሚስጥር» የሚባሉት ዓይነቶች ደግሞ ካርታው ላይ ያለው ነጥብ ውሸት ነው። ሰሙን ይሰጡሃል፤ ወርቁን እንቆቅልሹን ፈትተህ ራስህ ታወጣለህ።

ሕጉ ብዙ ነው፤ ዋና ዋናውን ልበል። ሁለት ካሾች ቢያንስ በ161 ሜትር መራራቅ አለባቸው። ያለ ልዩ ፈቃድ መሬት ቆፍሮ መቅበር ክልክል ነው። የባለ መሬቱ ፈቃድ ያስፈልጋል። ምግብ፣ መጠጥ፣ መሣሪያ አይቀመጥም፤ የአልመር ባቄላ ዛሬ ቢሆን አያልፍም ነበር። ከመውጣቱ በፊት በፈቃደኝነት የሚያገለግሉ ገምጋሚዎች ያዩታል። ይህ ሁሉ ሆኖም ችግር አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2011 እንግሊዝ አገር ዌዘርቢ ከተማ ውስጥ ካፌ ደጃፍ የተደበቀች ዕቃ ቦምብ ተብላ የጦሩ ባለሙያዎች አፈንድተዋታል።

ስለ ጥርጣሬ ካነሳሁ አይቀር የራሴንም ልንገራችሁ። አመሻሽ ላይ የምሰሶ ቀሚስ ገልቦ የሚያይ ጥቁር ሰው አሜሪካ ውስጥ ምን እንደሚመስል አስቡት። አንድ የገበያ አዳራሽ ጥበቃ መኪናውን አጠገቤ አቁሞ መብራት አበራብኝ። ስልኬን አሳይቼ አስረዳሁት። አላመነኝም። ዕቃዋን ከፍቼ ወረቀቷን ሳሳየው ሳቀ፤ ግን እስክወጣ ድረስ ከኋላዬ እየነዳ ተከተለኝ። መመሪያው «ሰው ሳያይህ ፈልግ» ይላል። ለሌላው ሰው ደስ የሚል ምክር ነው። እኔ ሰው እያየኝ በጠራራ ፀሐይ ነው የምፈልገው።

ሲያትል ለዚህ ነገር መናገሻ ናት። የጨዋታውን መተግበሪያ የሚያስተዳድረው ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት ፍሪሞንት በሚባለው ሰፈር ነው፤ እዚያው ውስጥ ካሽ አለ። ከጀርመንና ከቼክ ድረስ እየመጡ ይፈርማሉ። ሦስት ቦታ የግድ ነው ይላሉ፦ መሥሪያ ቤቱ፣ የአልመር ሰሌዳ፣ ከዚያም ስኖኳልሚ ተራራ ውስጥ ያለው የድሮ የባቡር ዋሻ አጠገብ ያለችው ዝነኛ ካሽ። ዋሻው 3.7 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በበጋ ሰው ሲቀልጥ እንኳ እዚያ ውስጥ ትንፋሽህ ይታይሃል። ጃኬት ያዙ።

የአገሬው ካሸሮች በየጊዜው ቡና ቤት ወይም መናፈሻ ይገናኛሉ። ደረቴ ላይ የቅጽል ስሜን ለጥፌ መጀመሪያ የሄድኩ ቀን አልረሳውም። ዓመት ሙሉ በሄድኩበት ወረቀት ሁሉ ከእኔ በላይ ተፈርሞ የማገኘው አንድ ስም ነበረ። አዲስ ካሽ ሲወጣ ቀድሞ ማግኘት ለእነሱ ትልቅ ነገር ነው፤ ሌሊት በባትሪ የሚወጣ ሁሉ አለ። ጎረምሳ ነበር የመሰለኝ። ጡረታ የወጡ፣ ዱላ የያዙ ሴትዮ ሆነው ተገኙ። «አንተ ነህ ሁልጊዜ ሁለተኛ የምትወጣው?» አሉኝ። ከጨዋታው በተረፈ፣ ሰው ተሰብስቦ በአንድ በኩል እየተሳሳቀ ቆሻሻ የሚለቅምበት ቀንም አላቸው፤ ይህ ልማድ ከእ.ኤ.አ. 2002 ጀምሮ አለ።

ተጓዥ የሚባል ነገርም አለ። ቁጥር የተቀረጸበት ትንሽ ብረት ነው፤ አንዱ ከካሽ አንሥቶ ሌላ ካሽ ውስጥ ይጥለዋል፤ አንተ ከቤትህ ሆነህ የት እንደደረሰ ታያለህ። እኔም አንድ ላክሁ፤ «አዲስ አበባ አድርሱኝ» ብዬ ጻፍኩበት። ስድስት ወር ተጉዞ ፍራንክፈርት ገባ። ከዚያ ወዲህ ድምፁ ጠፋ። ትራንዚት ላይ የቀረ የመጀመሪያው ሐበሻ አይደለም።

ደግሞስ ቢደርስ የት ያርፋል? ኢትዮጵያ ካርታው ላይ ነጥቦች አሏት፤ ከአውሮፓ ጋር ስታስተያያቸው ግን ጥቂት ናቸው። ምክንያቱ ሕጉ ውስጥ አለ። ካሽ የደበቀ ሰው ሊጠብቃት፣ ወረቀቷ ሲረጥብ ሊቀይርላት ይገባል። ቱሪስት ደብቆ መሄድ አይችልም። ስለዚህ ነጥቦቹ የሚበዙት ጎብኚ በበዛበት ሳይሆን የሰፈሩ ሰው ራሱ በሚጫወትበት ነው። ዕቃ የማያስፈልገው ዓይነትም አለ፦ መሬቱን ራሱን አይተህ ስለ አፈጣጠሩ ጥያቄ የምትመልስበት። ስለ እሱ ሳስብ ስምጥ ሸለቆና ዳናክል ነው ድቅን የሚሉብኝ።

ባለፈው ክረምት ዋሽንግተን ሐይቅ ዳር አንድ መናፈሻ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ሥር ገብቼ ስዳብስ ከኋላዬ በአማርኛ «ልጄ፣ ምን ጠፋብህ?» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ነጠላ የለበሱ እናት ናቸው፤ የልጅ ልጃቸውን ይዘው ወጥተው ነው።

«ምንም አልጠፋብኝም፣ እማማ።»

«ታዲያ ያልጠፋ ነገር ነው የምትፈልገው?»

አስረዳኋቸው። የተረዱኝ አልመሰለኝም። ትንሽ ቆመው ዙሪያውን አዩና በጣታቸው ጠቆሙኝ። «እዚያ ዛፍ ሥር ያለው ድንጋይ አቀማመጡ ደስ አይልም። ሰው ነው ያስቀመጠው» አሉ።

ሥሩ ነበረች። ወረቀቷን ስዘረጋ ጠጋ ብለው አዩ። «የሰው ስም ነው? ለጸሎት ነው?»

«አይደለም፣ እማማ። እዚህ መጥተው ያገኙ ሰዎች ናቸው።»

«እንግዲያውስ የእኔንም ጻፈው» አሉኝ። «ከአንተ በላይ አድርገው። ያገኘሁት እኔ ነኝ።»