ሰርን ከሕዝብ ጋር እንዴት ይነጋገራል?

ሰርን በስዊዘርላንድና በፈረንሳይ ድንበር ላይ፣ ከጄኔቫ ወጣ ብሎ የሚገኝ የቅንጣት ፊዚክስ ላቦራቶሪ ነው። የተመሠረተው በ1954 ነው (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። የሚንቀሳቀሰው አባል አገራት በሚያዋጡት ገንዘብ ነው። የዓመት በጀቱ ከ1 ቢሊዮን የስዊዝ ፍራንክ ያልፋል። ይህ የግብር ከፋዩ ገንዘብ ነው፤ አብዛኛው ግብር ከፋይ ደግሞ ከትምህርት ቤት ከወጣ ወዲህ ፊዚክስን ዞር ብሎ አላየውም። ስለዚህ ላቦራቶሪው ከምርምሩ ጎን ለጎን ሌላ ትልቅ ሥራ አለበት። በዚህ ሁሉ ገንዘብ ምን እንደሚሠራ ለሕዝብ በሚገባ ቋንቋ ማስረዳት አለበት።

ይህ ኋላ ላይ የመጣ ሐሳብ አይደለም። በ1953 የተፈረመው የመመሥረቻ ስምምነት ድርጅቱ ከጦር ሥራ ጋር እንዳይነካካ፣ የምርምሩ ውጤትም ታትሞ ወይም በሌላ መንገድ ለሁሉም እንዲደርስ ያዛል። ያኔ ጦርነቱ ካበቃ ገና 8 ዓመቱ ነበር፤ ሂሮሺማና ናጋሳኪ ከማንም አእምሮ አልወጡም። በሙሉ ስሙ (የአውሮፓ የኑክሌር ምርምር ድርጅት) ውስጥ «ኑክሌር» የሚል ቃል የያዘ ተቋም በሩን ዘግቶ ቢሠራ ማን ያምነዋል?

ዛሬ ሁላችንም የምንጠቀምበት ዌብ የወጣውም ከዚሁ ግቢ ነው። የሰርን ባልደረባ የነበረው ቲም በርነርስ ሊ ሐሳቡን ያቀረበው በ1989 ነው፤ መነሻውም ሳይንቲስቶች መረጃ በቀላሉ እንዲለዋወጡ ነበር። የመጀመሪያው ሰርቨር አንድ ጥቁር ኮምፒውተር ነው። ላዩ ላይ «ይህ ማሽን ሰርቨር ነው፤ እንዳታጠፉት!» የሚል በቀይ ቀለም የተጻፈ ወረቀት ተለጥፎበት ነበር። በሚያዝያ ወር 1993 ሰርን ቴክኖሎጂውን ማንም ያለክፍያ እንዲጠቀምበት ለቀቀው። ሰርን ለዓለም ካበረከተው ሁሉ ሰፊው ሕዝብ በየቀኑ የሚነካው ይህንን ነው።

የላቦራቶሪው የሕዝብ ግንኙነት ከባዱን ፈተና የተፈተነው ግን በ2008 ነው። ላርጅ ሃድሮን ኮላይደር የተባለው 27 ኪሎ ሜትር ዙሪያ ያለው ማሽን ሥራ ሊጀምር ነበር። ማሽኑ ያለው ከመሬት በታች፣ በአማካይ 100 ሜትር ጥልቀት ላይ ነው። ፕሮቶኖችን (በአቶም እምብርት ውስጥ ያሉ ቅንጣቶችን) ከብርሃን ፍጥነት ጥቂት በሚያንስ ፍጥነት ያጋጫል። ታዲያ «ማሽኑ ብላክ ሆል (ብርሃን እንኳ የማያመልጠው የሕዋ አካል) ፈጥሮ ምድርን ይውጣታል» የሚል ወሬ ተነዛ። አሜሪካ ውስጥ ጉዳዩን ፍርድ ቤት ያደረሱትም ነበሩ።

ሰርን ወሬውን በንቀት ማለፍ ይችል ነበር። አላለፈውም። የፊዚክስ ባለሙያዎች ቡድን አቋቁሞ የደኅንነት ጥናት አሠራ፤ ውጤቱን በግልጽ አወጣ፤ ሳይንቲስቶቹም በየሚዲያው እየቀረቡ አስረዱ። መከራከሪያቸው ተራ ሰው የሚከተለው ነው። ከሕዋ የሚመጡ ኮስሚክ ጨረሮች ከዚህ ማሽን በሚበልጥ ኃይል ምድርንም ፀሐይንም ሲደበድቡ በቢሊዮን የሚቆጠር ዓመት ሆኗቸዋል። ግጭቱ አደጋ ቢኖረው ኖሮ ዛሬ ስለሱ የሚያወራ ሰው ባልኖረ ነበር።

ሴፕቴምበር 10, 2008 የመጀመሪያው የፕሮቶን ጨረር ሲለቀቅ ጋዜጠኞች ተጠርተው በቀጥታ ተላለፈ። ይህ ድፍረት ይጠይቃል። ተሞክሮ የማያውቅ ማሽን ዓለም እያየ ማስነሳት ማለት ካልሠራም ዓለም ያያል ማለት ነው። ከጠዋቱ 4 ሰዓት ከ28 ደቂቃ ላይ በመቆጣጠሪያ ክፍሉ ስክሪን ላይ ሁለት ነጥቦች ታዩ፤ አንዱ ጨረሩ ሲገባ፣ ሌላው አንድ ዙር ጨርሶ ሲመለስ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ለቴሌቪዥን የሚሆን ምስል ይህችው ነበረች፣ ሁለት ነጥብ። በቂም ሆነች፤ ምክንያቱም ትርጉሟን የሚያስረዳ ሰው አጠገቧ ነበረ።

ከ9 ቀን በኋላ ማሽኑ ተበላሸ። ጨረሩን በሚመሩ ሁለት ማግኔቶች መካከል ያለ አንድ የኤሌክትሪክ መገናኛ ቀለጠ፤ ማግኔቶቹን የሚያቀዘቅዝ በቶን የሚቆጠር ሂሊየም ወደ ዋሻው ፈሰሰ፤ ከ50 በላይ ማግኔቶች ወጥተው መጠገን ወይም መተካት ነበረባቸው። ሰርን ወዲያው በማግስቱ ጋዜጣዊ መግለጫ አወጣ፤ በጥቅምትም ምርመራው የደረሰበትን አሳተመ። ማሽኑ እንደገና የተነሣው በኖቬምበር 2009 ነው። ለእኔ ከዚያ ሁሉ ደማቅ ሥነ ሥርዓት ይልቅ የሚበልጥብኝ ይህ ነው። በጭብጨባው ቀን ካሜራ የጠራ ተቋም በብልሽቱ ቀን ቢደበቅ ኖሮ ቀጥሎ የሚለውን ማንም አይሰማውም ነበር።

በ2011 ደግሞ ሌላ ፈተና መጣ። ከሰርን የተላኩ ኒውትሪኖ የሚባሉ እጅግ ቀላል ቅንጣቶች 730 ኪሎ ሜትር ርቆ ጣሊያን ውስጥ ወዳለ ላቦራቶሪ ሲደርሱ ብርሃንን በ60 ናኖ ሴኮንድ የቀደሙ መሰለ። የለኩት የኦፔራ ቡድን ሳይንቲስቶች ናቸው፤ ውጤቱን ያቀረቡት ግን ሰርን አዳራሽ ነው። ከብርሃን የሚፈጥን የለም የሚለው የአንስታይን ንድፈ ሐሳብ ነውና «አንስታይን ተሳሳተ» የሚል ርዕስ ዓለምን አዳረሰ። ቡድኑ ስህተት ካለ ፈልጉልን ብሎ ነበር። ስህተቱ ተገኘ፤ በደንብ ያልተሰካ የፋይበር ኦፕቲክ ገመድ ነበር። ውጤቱ መታረሙም በይፋ ተነገረ። ቶሎ ወጡ ብለው የወቀሱ የሙያ ባልደረቦች ነበሩ፤ ወቀሳው ከባድ ስለነበር የቡድኑ መሪ ኃላፊነታቸውን ለቀቁ። እኔ ግን ሳይንስ ራሱን ሲያርም ሕዝብ በዓይኑ ያየበት አጋጣሚ ብዙ አይመስለኝም።

ቀጥሎ የመጣው ጁላይ 4, 2012 ነው። ሂግስ ቦዞን የተባለው፣ ለረጅም ዓመታት ሲፈለግ የኖረው ቅንጣት ፍለጋ ውጤት ሲገለጽ ወንበር ለማግኘት ወጣት ተመራማሪዎች ከአዳራሹ ደጃፍ አደሩ። ቅንጣቱን ከፈለጉት ቡድኖች አንዱ የሆነው የአትላስ ቡድን ቃል አቀባይ ፋቢዮላ ጃኖቲ ስላይዶቿን «ኮሚክ ሳንስ» በተባለው የልጆች በሚመስል ፎንት ጽፋ ነበርና ኢንተርኔቱ ከግኝቱ እኩል ስለ ፎንቱ ሲያወራ ዋለ። መጨረሻ ላይ ዋና ዳይሬክተሩ ሮልፍ ሆየር «እንደ ተራ ሰው ልናገርና፣ ያገኘነው ይመስለኛል» አሉ። ፒተር ሂግስ እንባቸውን ሲጠርጉ ካሜራ ያዛቸው፤ በ1964 ያቀረቡት ሐሳብ እውን ሲሆን ለማየት በሕይወት ነበሩ። «ያገኘነው ይመስለኛል» የምትለዋ አነጋገር በስታቲስቲክስ ቋንቋ የ5 ሲግማን እርግጠኝነት በሁለት ቃል የገለጸች ናት። ቅንጣቱ ባይኖር እንዲህ ያለ ውጤት በአጋጣሚ የመታየቱ ዕድል ከ3.5 ሚሊዮን አንድ ነው ብሎ መጀመር ሰሚውን ያባርረዋል።

የሰርን ሰዎች ከሴራ ወሬ ዛሬም አላመለጡም። በግቢው ውስጥ በ2004 ከሕንድ መንግሥት በስጦታ የተሰጠ ሺቫ የተባለው የሂንዱ አምላክ ሐውልት አለ። በማኅበራዊ ሚዲያ ይህ ሐውልት የስንት ተረት መነሻ ሆኗል! ሐውልቱን ግን አላነሡትም። ከየት እንደመጣ ይናገራሉ፣ ያበቃል።

ከሚዲያ ውጭ ያለው ትልቁ ሥራ ሰውን በአካል ማስገባት ነው። በ2019 ለሁለት ቀን በሩን ሲከፍት 75,000 ሰው ገባ። በ2023 ደግሞ ሳይንስ ጌትዌይ የተባለው የጎብኝዎች ማዕከል ተመረቀ። ንድፉ የጣሊያናዊው አርክቴክት ሬንዞ ፒያኖ ነው፤ ከመንገድ በላይ ተንጠልጥለው የሚታዩት ቱቦዎቹ ቅንጣት የሚያፋጥነውን ማሽን ዋሻ ያስታውሳሉ። የተሠራው በልገሳ ነው፤ መግቢያው ነፃ ነው። ከ5 ዓመት ጀምሮ ያሉ ሕፃናት እጃቸውን አስገብተው የሚሞክሩባቸው ላቦራቶሪዎችም አሉት።

የአስጎብኚዎቹ ነገር ደስ ይለኛል። አብዛኞቹ በፈቃደኝነት የሚያስጎበኙ የላቦራቶሪው ሠራተኞችና ተመራማሪዎች ናቸው። ስለ ማግኔት የምትጠይቀው ሰው ምናልባት ማግኔቱን ራሱ የሚጠግነው ነው። የተሸመደደ ጽሑፍ ከሚያነበንብ ሰው ጋር አይወዳደርም።

መምህራንንም ከ1998 ጀምሮ ያሠለጥናሉ። አንድ መምህር ከዚያ ተመልሶ ስንት ተማሪ እንደሚያስተምር ሲታሰብ ብልህ ምርጫ ነው። ከ2014 ወዲህ ደግሞ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ቡድን ሠርተው የሚወዳደሩበት ፕሮግራም አለ። አሸናፊዎቹ የራሳቸውን ሙከራ በእውነተኛ የቅንጣት ጨረር ላይ ይሠራሉ። የሙከራዎቹ መረጃም ከ2014 ጀምሮ በየጊዜው በነፃ ይለቀቃል፤ ኮምፒውተርና ኢንተርኔት ያለው ተማሪ፣ አዲስ አበባም ይሁን ባሕር ዳር፣ አውርዶ ሊመረምረው ይችላል።

አውሮፓ ያለ ወይም በጄኔቫ የሚያልፍ ሰው ከኮርናቫን ባቡር ጣቢያ በ18 ቁጥር ትራም ሳይንስ ጌትዌይ ይደርሳል፤ የመጨረሻው ፌርማታ ነው። ሰኞ ዝግ ነው። ዋሻው ውስጥ ግን ማሽኑ እየሠራ ሳለ ማንም አይገባም፤ ወደ ታች መውረድ የሚቻለው ለረጅም ጥገና ሲቆም ነው።